ስለ ልቦለድ የጠየቃችሁኝ

ልቦለድ መጻፍ ለምትጀምሩ «ያላችሁን ጠይቁ» ብዬ ነበር። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ታሪክና ሴራ ምንና ምን ናቸው?

መልስ፦ «አባትየው በሬውን ሸጠ። ልጁ ከተማ ቀረ።» ይህ ታሪክ ነው። «አባትየው ለልጁ ማስተማሪያ ያለውን አንድ በሬ ሸጠ፤ ልጁ ፈተና ሲወድቅ አባቱን ማየት አፈረና ከተማ ቀረ» ስንል ሴራ ሆነ። ድርጊቶቹን ምክንያት አሰራቸው። ረቂቅህ ውስጥ ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው የሚያሻግርህ «ከዚያም» ብቻ ከሆነ ሴራው ላልቷል።

ጥያቄ፦ እኔ ጠብ መጻፍ አልወድም። ያለ ግጭት አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ ግን ግጭት ዱላ መማዘዝ አይደለም። አንድ ሰው የሚፈልገው ነገር አለ፣ የሚከለክለው ደግሞ አለ፤ በቃ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተመልከቺ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ይወዳል፤ በአንድ በኩል የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ቆሟል። ይህ የውጭ ግጭት ነው። በሌላ በኩል በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው፤ ፊታውራሪ «እሺ» ቢሉ እንኳ ከራሱ ጋር ገና አልታረቀም። ጉዱ ካሣ ደግሞ ከወግ ከልማዱ ጋር ተጣልቷል። እኔን ከሁሉም የሚይዘኝ የበዛብህ የውስጥ ግጭት ነው፤ ጀማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ክፉ አባት ፈጥሮ እዚያው ያቆማል።

ጥያቄ፦ መቼትን፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ፣ ምን ያህል ልግለጽ?

መልስ፦ ፒያሳ ያልከውን ቦሌ ብትለው ምንም የማይለወጥ ከሆነ ገና መቼት የለህም። የገጽ ብዛት አይረዳህም።

ጥያቄ፦ «እኔ» ብዬ ልተርክ ወይስ «እሱ»?

መልስ፦ «እኔ» ያቀርባል፣ ግን ያስራል። የበዓሉ ግርማን ልቦለድ «ኦሮማይ»ን የሚተርክልን ጋዜጠኛው ጸጋዬ ራሱ ነው፤ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ እሱ በቆመበት በኩል ነው የምናየው። ያንተ ተራኪ ደጅ ቆሞ ጓዳ የተንሾካሾኩትን ቃል በቃል ከነገረን ግን አንባቢ «ማን ነገረው?» ይላል።

ጥያቄ፦ ገጸ ባሕርያቴ ሁሉም እንደ እኔ ያወራሉ።

መልስ፦ አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዝሻል። ማን ማንን «አንተ»፣ ማንን «አንቱ»፣ ማንን «እርስዎ» እንደሚል አስቀድመሽ ወስኚ። ባል ሚስቱን ድንገት «እርስዎ ደግሞ!» ሲላት መኮራረፋቸውን መተረክ አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ ቤሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። የደረሰብኝን እንዳለ ብጽፈው ልቦለድ ይሆናል?

መልስ፦ እንዳለ ከጻፍሽው ግለ ታሪክ ነው እህቴ፤ እሱም ይጻፍ። ልቦለድ ካልሽ ግን «እውነት እኮ ነው» ማለት መከላከያ አይሆንሽም። በሕይወት አሠሪዋ ያለ ምክንያት ደግ ልትሆን ትችላለች፤ በልቦለድ ውስጥ ግን ምክንያቱ ባይነገር እንኳ ሊሸተን ይገባል። ሁለቱን አሠሪዎች አንድ አድርጊያቸው፣ ጊዜውን አሳጥሪ፣ ያልሆነውን ጨምሪ። ስም ቀይሪ።

ጥያቄ፦ ጭብጡን፣ ማለትም ልቦለዱ የሚያስተላልፈውን ዋና ሐሳብ፣ አስቀድሜ ልወስን?

መልስ፦ ተወው። ስብከት ይሆንብሃል።

ጥያቄ፦ አጭር ልቦለድ ስንት ገጽ ነው?

መልስ፦ ገጽ አትቁጠር፤ ጉዳዩን ቁጠር። አንድ ሰው አንድ ችግር ውስጥ ከገባ ይበቃል። አያት፣ አባትና ልጅ ከነትዳራቸው ከገቡበት ረጅም ልቦለድ ጀምረሃል።