ትሪያል ባላንሱ ተመጣጥኖ ከባንኩ ጋር ለምን አልገጠመም ላልከው

የሂሳብ ሶፍትዌሩ አልተበላሸም። ትሪያል ባላንስ፣ ማለትም የሁሉም ሂሳቦች ቀሪ የሚዘረዘርበት ሰንጠረዥ፣ የሚያሳይህ ዴቢትና ክሬዲት (በግራና በቀኝ የሚመዘገቡት) እኩል መሆናቸውን ብቻ ነው። ጭራሽ ያልተመዘገበ ወይም ሁለቴ የገባ ደረሰኝ አይታየውም። ስለዚህ ሁሉም ተመጣጥኖ በመዝገብህ ያለው የባንክ ሂሳብ ከስቴትመንቱ፣ ማለትም ባንኩ ከሚሰጥህ የሂሳብ መግለጫ፣ ሊለይ ይችላል።

የልዩነቱን ምንጭ እንዲህ ፈልገው፦

1. መጀመሪያ የመነሻ ሂሳቡን፣ ማለትም ስትጀምር ያስገባኸውን ቀሪ፣ እይ። ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ስታዛውር እሱ ከተሳሳተ የቀረው ፍለጋ ከንቱ ድካም ነው።

2. ቀጥሎ በአንዱ ወገን ብቻ የተመዘገቡትን እይ፦ አንተ ያልመዘገብከው የባንክ አገልግሎት ክፍያና ወለድ፣ ሰጥተሃቸው ገና ባንክ ያልተመነዘሩ ቼኮች።

3. አሁንም ካልገጠመ ልዩነቱን ለ9 አካፍለው። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ቁጥር ተገላብጦ ሊሆን ይችላል፤ 540 መሆን ያለበት 450 ተብሎ። ለ2 ስታካፍለው የምታውቀው ክፍያ ከመጣ ደግሞ፣ ወጪው ገቢ ተብሎ ተመዝግቦ እንደሆነ እይ። ይቺ ዘዴ ከኮምፒውተር በፊት የነበረች ናት፣ ዛሬም ትሠራለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልዩነቱን «ማስተካከያ» ብለህ በአንድ መስመር አትዝጋው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ራሳቸው ይህን አቋራጭ ያቀርቡልሃል፣ ደስ ይላል። እኔ ካየሁት ግን ኦዲተር ሲመጣ ያቺን መስመር የሚያስረዳ ሰው ይጠፋል። ስህተቱን ስታገኘውም አትሰርዘው፤ በተቃራኒ ምዝገባ (ዴቢቱን ክሬዲት፣ ክሬዲቱን ዴቢት አድርገህ) አርመው፣ ምክንያቱንም እዚያው ጻፍ። የወሩ ሂሳብ ከባንኩ ጋር ከታረቀ በኋላ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይነካካው ቆልፈው። ባክአፑ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አይቀመጥ።