ባልሽ ከመፈታቱ በፊት የመድኃኒቱንና የመድህኑን ነገር ጨርሺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ባልሽ በአመክሮ ሊፈታ ሁለት ወር ቀርቶታል። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው፣ ደም ግፊትም አለበት። «ድሬ ሲገባ ሕክምናውን ማን ይሸፍንለታል? ጎረቤቴ ከእስር የወጣ ሰው ጤና መድህን ውስጥ አይገባም አለችኝ፣ እውነት ነው?» ብለሻል።

እውነት አይደለም። ታስሮ መውጣት ማንንም ከመድህን አያስቀርም። ግን ማንም መጥቶ አይመዘግብልሽም። የምትሮጪው አንቺ ነሽ። ሩጫው ደግሞ ዛሬ ነው የሚጀምረው፣ እሱ የሚወጣ ቀን አይደለም። ይህን የምልሽ በወንድሜ ስላየሁት ነው።

ታናሽ ወንድሜ የተፈታው ሐሙስ ከሰዓት ነው። የነበረበትን ማረሚያ ቤት ስም አልጠራም። እኛ ልብስ አዘጋጅተናል፣ ባጃጅ ይዘን በር ላይ ቆመናል፣ እናቴ ቡና ቆልታ ትጠብቃለች። ስለ መድኃኒት ያሰበ ሰው አልነበረም። ማታ ቤት ገብቶ ከኪሱ ትንሽ ፌስታል አወጣ። የሦስት ቀን የቲቢ ክኒን ነበረች። ከሷ ጋር በእርጥብ ካልሲ የተጠቀለለ የኢንሱሊን ብልቃጥ፣ ከግማሽ በታች የቀረው። ስኳር አለበት። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ቲቢ ቶሎ ይይዘዋል፤ ሁለቱ አብረው ነው ያገኙት።

ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሲስተሯ በትህትና ነው የጠየቀችው። የት ጀመርክ? ስንተኛ ወርህ ነው? የአክታ ውጤትህስ? ወንድሜ አንዱንም አያውቅም። «ጠዋት ጠዋት ይሰጡኛል፣ እውጣለሁ» አላት። ያለ ወረቀት ከየትኛው ወር እንደምትቀጥልለት እንዴት ታውቃለች? ወደ ማረሚያ ቤቱ ተመለስኩ። ወረቀቱን እስካገኝ ሁለት ቀን ሳይውጥ ዋለ። እነዚያን ሁለት ቀናት አልረሳቸውም።

የማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ባለሙያ ግን ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? «መፈታቱንም የሰማሁት ካንቺ ነው።» እውነቱን ነው። የመፈቻ ወረቀቱን የሚያዘጋጀው መዝገብ ክፍሉ ነው። በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው። ክኒኑን የሚሰጠው ክሊኒኩ ነው። እነዚህ ካልተነጋገሩ ሰውየው ይወጣል፣ የሕክምና ካርዱ እዚያው ማረሚያ ቤት ይቀራል። በይቅርታ የሚፈቱት ላይ ይብሳል፤ አንዳንዱ ጠዋት ተነግሮት ከሰዓት ቤቱ ነው። የባልሽ ቀኑ ስለሚታወቅ እናንተ ዕድለኛ ናችሁ። ተጠቀሙበት።

እንግዲህ በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን ስትሄጂ፣ ስንቁን ካቀበልሽ በኋላ ክሊኒኩን ራሱ እንዲጠይቅ ንገሪው። የዝውውር ወረቀት፣ እነሱ ትራንስፈር ይሉታል። መቼ እንደጀመረ፣ የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ የአክታ ምርመራው ምን እንዳለ የሚጻፍበት ነው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። ሁለቱን ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ አራቱን ወር ሁለት ዓይነት። ባልሽ በአምስተኛው ወር ላይ ይወጣል ማለት ነው። በዚያ ወር መጨረሻ የአክታ ምርመራ አለው፣ ሲጨርስም ሌላ። ወረቀቱ ከሌለ ይህ ሁሉ ይምታታል። ቤት የሚደርሰው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነም አስቀድሞ ይንገራቸው፣ ወረቀቱ ላይ ይጻፍለት።

የደም ግፊቱንም በዚያው ያስጽፍ። «ነጯ ትንሽ ክኒን» ማለት አይበቃም። ስሟና ሚሊግራሟ ይጻፍ። ቢያንስ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ይዞ እንዲወጣም ይጠይቅ። ስለጠየቀ የሚቆጣው የለም። የተባበሩት መንግሥታት ስለ እስረኞች አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው የማንዴላ ደንቦች አሉ። ደንብ 24 ላይ የእስረኛ ሕክምና ከሕዝቡ የጤና አገልግሎት ጋር ተያይዞ እንዳይቋረጥ ይላል፣ ቲቢንና ኤች አይ ቪን በስም ጠርቶ። ስለዚህ የምትጠይቁት ውለታ አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒትም እንደዚሁ። መድህን ኖራችሁም አልኖራችሁም ለቲቢው ክኒን አትከፍሉም። ልጆች ካሉሽ፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ፣ ለነሱም ምርመራና የመከላከያ መድኃኒት ጠይቂ። እሱም ነፃ ነው።

መድህን የምትፈልጊው ለደም ግፊቱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ነው እዚህ የደረሰው። የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም በአንድ የመድህን ደብተር ይገባሉ። ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ግን ተጨማሪ ይከፈልበታል። እኛ የተጎዳነው እዚህ ላይ ነው። ወንድሜ በእናቴ ደብተር ላይ ሊገባ ሲል ዕድሜው 26 ነው። ተጨማሪውን እንክፈል ስንል ደግሞ የምዝገባው ወቅት አልፏል ተባልን። ደብተሩን አሁንም አስታውሰዋለሁ። የእናቴ ፎቶ፣ የእህቴ ፎቶ፣ ከጎናቸው ባዶ ቦታ። እስከሚቀጥለው ዕድሳት ኢንሱሊኑን ከኪሳችን ገዛን። እናቴ የጆሮ ወርቋን የሸጠችው ያኔ ነው።

አንቺ ሚስቱ ስለሆንሽ ነገሩ ይቀልልሻል። ደብተር ካለሽ ባልሽ የዋናው ቤተሰብ አባል ነው። ፎቶውና ስሙ መግባት አለበት፣ በቃ። ደብተር ከሌለሽ ግን በዚህ ሳምንት ቀበሌ ሂጂ። ዕድሳቱ መቼ ነው? ከወቅቱ ውጭ ለሚፈታ ሰው ምን ታደርጋላችሁ? ስሙን ካሁኑ ማስገባት ይቻላል? እነዚህን ሦስቱን ጠይቂ። አንዱ አይሆንም ቢልሽ የመድህን አስተባባሪውን አግኚ፣ በር ላይ ካለው ሰው ተመልሰሽ እንዳትመጪ። መክፈል ካልቻልሽ ደግሞ የድሃ ድሃ የሚባለው ምዝገባ አለ፤ ቀበሌው ይለያል፣ መንግሥት ይከፍላል። ዓመታት ብቻሽን ልጅ አሳድገሽ፣ ስንቅ አመላልሰሽ፣ ይህን ለመጠየቅ አትፈሪ።

የቀበሌ መታወቂያውንም አስቢበት። ባልሽ ውስጥ ሳለ ጊዜው ሳያልፍ አይቀርም። መታወቂያ ካልታደሰ መድህኑም ይጓተታል። የመፈቻ ወረቀቱን ኮፒ አድርጊና አኑሪ፣ ብዙ ቦታ ይፈለጋል።

ደብተሩን ስትይዢ ሁልጊዜ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። እነሱ ሪፈር ሲጽፉ ነው ወደ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ ወደ ድል ጮራ፣ የሚኬደው። ቀጥታ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ መክፈላችሁ አይቀርም። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም። መድኃኒት የለም ተብሎ ውጭ ከገዛችሁ ደረሰኙን አትጣሉ።

የአክስቴ ልጅ ካሊፎርኒያ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ይህን ጉዳይ ሳጫውታት የነሱን ነገረችኝ። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት መድህን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲጀመር ጀምሮ ለታሰረ ሰው አይከፍልም፣ ሆስፒታል ካልተኛ በቀር። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ካሊፎርኒያ ከግዛቶቹ ቀድማ ፈቃድ አገኘች። ሰውየው ሊፈታ እስከ 90 ቀን ሲቀረው መድህኑ አንዳንድ ሕክምናውን እዚያው መሸፈን እንዲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የዋሽንግተን ግዛት ጥናት፣ ከእስር በወጡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ ከ12 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። እዚያ ዋናው ምክንያት አደንዛዥ ዕፅ ነው፣ የኛ ሌላ ነው። ግን 90 ቀን የሚለው ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። እኔ ሦስት ወር ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ የእናቴ ወርቅ ጆሮዋ ላይ ነበር።

ለባልሽ ባያስፈልገውም፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሊፈታላቸው ያሉ ሌሎችም ስለሚያነቡ አንድ ነገር ልጨምር። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ መብራቱንም ታውቁታላችሁ። እኛ ፍሪጅ አልነበረንም። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ አምጥቼ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አደረግኩ፣ ትንሿን ማሰሮ መሀሉ ላይ ቀበርኩ። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣዋለሁ። ኢንሱሊኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሿ ውስጥ ይቀመጣል፣ ላዩ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ማሰሮው ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ይሁን። ስነካው እጄን የሚያቀዘቅዝ ነበር።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ወንድሜ ጤና ጣቢያ ሲገባ ከየት እንደመጣ መናገር አልፈለገም። ሰው በተሰለፈበት «የት ነው የጀመርከው?» ሲባል አንገቱን ደፋ። ባልሽም እንደዚያ ሊሰማው ይችላል። እኔ በማግስቱ ቀድሜ ገብቼ ሲስተሯን ለብቻዋ አነጋገርኳት። ከዚያ በኋላ ሲገባ በስሙ ትጠራዋለች፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ካስፈለገሽ አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

የወንድሜን የዝውውር ወረቀት አስቀምጬዋለሁ። ስሙን ሸፍኜ ፎቶ አነሳልሻለሁ፤ ባልሽ ምን እንደሚጠይቅ አይቶ ይወቅ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ቀበሌ ለመሄድም ብቻዬን ከምትዪ፣ ማክሰኞ ጠዋት ከዚራ ሰፈር ነኝ፣ አብረን እንሄዳለን።