አግሪ፣ አክሰፕት፣ ኮንሰንት፦ የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

ሰላም የድሬ ልጆች፤ ሐረር ያላችሁም እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን በእንግሊዝኛ መስማማትን የምንገልጽባቸው ግሶች ናቸው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ግሱን ከነጭራው አጥኑት። ጭራ የምለው ከኋላው የሚከተለውን ዊዝ፣ ቱ፣ ኦን ነው። ጭራው ሲሳሳት ትርጉሙ ይዞራል። በሉ ጠይቁ።

የሳቢያን ልጅ፦ ቲቸር፣ «አይ አም አግሪ» ለምንድነው ስህተት የሚሆነው? ሁሉም ሰው እኮ ይለዋል።

መልስ፦ ሁሉም ስላለው ትክክል አይሆንም። አግሪ ራሱ ግስ ነው፤ «አም» አይፈልግም። «እስማማለሁ ነኝ» ትላለህ እንዴ? «አይ አግሪ»፣ በቃ።

ከከዚራ፦ ይሄ ስህተት ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሲስማማ «ዠ ስዊ ዳኮር» ነበር የሚለው። «ስዊ» ማለት ደግሞ «ነኝ» ነው።

የመጋላ ልጅ፦ አቦ ተው! ፈረንሳይኛ በጆሯችን ያልሰማን ልጆችም እንለዋለን። ከ«አይ አም ሃፒ» ጋር አመሳስለነው ነው።

ከከዚራ፦ ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡሩ፣ የባቡሩም ቋንቋ ፈረንሳይኛ። እንዴት አይጋባም?

መልስ፦ ዳኮርን በደንብ አውቀዋለሁ፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ይሉት ነበር። የተማሪዎቼ ስህተት ግን የመጋላ ልጅ እንዳለው ነው። ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

አዲስ ገቢ፦ አግሪ ዊዝ፣ አግሪ ቱ፣ አግሪ ኦን። ልዩነታቸው አይገባኝም።

መልስ፦ ቀፊራ ገበያ እንሂድ። ሻጯ የቲማቲሙን ዋጋ ጠራች፤ አንቺ ቀንሺ አልሻት። አጠገብሽ የቆመችው ሴት «እውነቷን ነው፣ ተወዷል» አለች። ይቺ ሴት ካንቺ ጋር አግሪ ዊዝ አደረገች፤ ሐሳብሽን ደገፈች። ሻጯ «እሺ፣ እቀንሳለሁ» ስትል ለጥያቄሽ አግሪ ቱ ሆነ። መጨረሻ ላይ አንድ ዋጋ ቆረጣችሁ፤ እሱ አግሪ ኦን ነው። ለሰውና ለሐሳብ ዊዝ፣ ለጥያቄ ቱ፣ አብረን ለቆረጥነው ነገር ኦን። ከነጭራው!

የሳቢያን ልጅ፦ አክሰፕትስ? «ሂ አክሰፕትድ ቱ ጎ» ይባላል?

መልስ፦ አይባልም። ስጦታ፣ ግብዣ፣ ይቅርታ አክሰፕት ይደረጋል። አንድ ነገር ለማድረግ እሺ ማለት ግን አግሪ ነው፤ «ሂ አግሪድ ቱ ጎ»።

ከጀጎል፦ እኔ ነርስ ነኝ። ኮንሰንትና አግሪ አንድ ናቸው ወይ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ኮንሰንት በላቲን ሥሩ «አብሮ መሰማት» ነው። የእኛም «ተስማማ» ከ«ሰማ» የወጣ ነው። ሲነሱ ይቀራረባሉ፣ ሥራቸው ግን ይለያያል። አግሪ ሲባል ሁለት ሰዎች አንድ ሐሳብ ላይ ይገናኛሉ። ኮንሰንት ላይ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው የራሱ በሆነ ነገር ላይ ይፈቅዳል። ከቀዶ ጥገና በፊት በሽተኛው የሚፈርመው ወረቀት ኮንሰንት የሚባለው ለዚህ ነው። አንቺ ይህን በየቀኑ ታዪዋለሽ። በሽተኛው የሕክምና ሐሳብ እየሰጠ ሳይሆን በገላው ላይ እየፈቀደ ነው።

የአንድ ግስ ነገር ቀላል የሚመስላችሁ ካላችሁ ውጫሌን አስቡ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ከፈለጉ ነው፤ ካልፈለጉ ይተዉታል። በጣልያንኛው የገባው ግስ ግን «ኮንሰንቴ» ነው፣ የኮንሰንት የሥጋ ዘመድ። ንጉሡ አስቀድመው ፈቃዳቸውን እንደሰጡ ተቆጠረ። ሮምም ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። ተጨማሪውን ውል ለመፈራረም ኢጣልያ ድረስ የሄዱት ደግሞ የእናንተው የሐረር ገዥ ራስ መኮንን ናቸው። ነገሩ የተቋጨው በ1888 ዓድዋ ላይ ነው።

ከከዚራ፦ ጦርነቱን ግስ አላመጣውም። ጣልያን አገር ፈልጋ ነው የመጣችው።

መልስ፦ አገር ፈልጋ መምጣቷን አልክድም። በእጇ የያዘችው ወረቀት ላይ ግን ያ ግስ ነበረ።

አዲስ ገቢ፦ ሁሉንም ተመሳሳይ ቃላት በዝርዝር ይላኩልን።

መልስ፦ አልልክም። ዝርዝር የሸመደደ ተማሪ «ኮንከር» የሚለውን ጽፎ አገር አስማርኮ አይቻለሁ። መስማማት የሚለው ኮንከር ሲነበብ መጨረሻው ላይ ይጠነክራል፤ ድል ማድረግ የሚለው መጀመሪያው ላይ። አጻጻፋቸውም ይለያያል። መስማማቱ የዳኞችና የሐኪሞች ቃል ነው፤ ለቡና ጨዋታ አይሆንም። አንድ ቃል፣ ከነጭራው፣ ከነቦታው። ሌላ መንገድ የለም።

የሳቢያን ልጅ፦ «ወተት አይስማማኝም» ሲባልስ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ገጠሙ። «ሚልክ ዳዝንት አግሪ ዊዝ ሚ»።

ሌላ አዲስ ገቢ፦ «አይ አም አግሪ» ትክክል ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

የመጋላ ልጅ፦ «እሺ»ስ በእንግሊዝኛ የትኛው ግስ ነው?

መልስ፦ እሺ ባይው ማን እንደሆነ ንገረኝ። እናትህ ውሃ አምጣ ስትልህ ተነሥተህ እሺ ካልክ አግሪ ቱ ነው። ትራፊክ ፖሊስ ዳር ያዝ ሲልህ እሺ ብለህ ካቆምክ ኮምፕላይ ዊዝ። ታላቅ ወንድምህ የአባታችሁን ቤት ልሽጠው ሲል፣ ልብህ እንቢ እያለ አቀርቅረህ ዝም ካልክ፣ እሱ አክዊየስ ነው። በውስጡ «ጸጥ ማለት» የሚል የላቲን ቃል አለበት። ሳይወዱ መቀበል ነው፤ አግሪ ብለህ እንዳትጽፈው።

የመጋላ ልጅ፦ የአክዊየስ ጭራው ምንድነው?

መልስ፦ ኢን። ጎሽ፣ ጭራውን ጠየቅክ!