ቱርቦ ከተቀየረ በኋላ ሚኒሞ እምቢ ሲል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። በፈረንጆቹ 2006 ሞዴል የሆነ ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ አለህ። የራሱን ቱርቦ (በጭስ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) አውጥተህ የኤስቲአዩን፣ ማለትም የጠንካራውን ወንድሙን፣ ቪኤፍ39 የሚባል ቱርቦ አስገብተሃል። የአየር መሳቢያ ቱቦውንና ብሎው ኦፍ ቫልቩንም (ነዳጅ ስትለቅ የተረፈውን የቱርቦ አየር የሚያስወጣውን) አብረህ ቀይረሃል። ከዚያ ወዲህ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ በደቂቃ ከ500 እስከ 1,400 ይወጣል ይወርዳል። መብራት ላይ ደርሰህ እግርህን ከነዳጅ መስጫው ስታነሳ ደግሞ ሞተሩ ይጠፋል። መካኒክህ «ቱርቦው ከብዶት ነው» ብሎሃል። የድሮውን ልመልስ ወይ ነው ጥያቄህ።

አትመልስ። እኔም በዚሁ መኪና ይኸው ነገር ደርሶብኝ አንድ ወር ሙሉ አዲስ አበባን ጋራዥ ለጋራዥ ዞሬያለሁ።

መጀመሪያ ይህን ያዝ። በሚኒሞ ሰዓት ቱርቦ ግፊት አይፈጥርም። የሚያዞረው ጭስ ትንሽ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚሽከረከረው። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ጥፋቱን ቱርቦው ውስጥ አትፈልግ። ቱርቦውን ለማስገባት ብለህ የነካካኸው ነገር ውስጥ ፈልግ። ቱቦ፣ ፋሼታ፣ ጉዋርኒሲዮን፣ ሶኬት።

ምክንያቱ ይኸውልህ። ማፍ ሴንሰሩ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ተቀምጦ የሚገባውን አየር ይቆጥራል። ኮምፒውተሩ በዚያ ቆጠራ ልክ ቤንዚን ይረጫል። ከማፉ ወዲያ በቀዳዳ ሾልኮ የገባ አየር ግን ያልተቆጠረ ነው። ፍጥነት ላይ ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚስብ ያቺ ቀዳዳ አትታወቅም። በሚኒሞ ግን የሚፈልገው አየር ትንሽ ስለሆነ ያቺው ቀዳዳ ትገንናለች። ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ዙሩ ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ሊያድነው ስሮትሉን፣ ማለትም የሞተሩን የአየር በር፣ ይከፍታል፣ ዙሩ ይዘላል። መልሶ ይዘጋል፣ መልሶ ይወርዳል። መውጣት መውረዱ ይኸው ነው።

እኔ ይህን ሳላውቅ ገንዘቤን በተንኩ። አራቱንም ኮይል ቀየርኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ማፍ ሴንሰር ገዛሁ። አንድ ጋራዥ የስሮትሉን ማቆሚያ ቡሎን አዙሮ ሚኒሞውን ከፍ አደረገልኝ። ሁለት ቀን ሰላም ሆነ፣ በሦስተኛው ባሰበት። ያንን ቡሎን ማንም እንዳይነካብህ። የዚህ መኪና ስሮትል የሚከፈተው በኬብል ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው። ቡሎኑ ከተነካ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው መነሻ ይፋለሳል።

መፍትሄውን ያገኘሁት በጎሚስታ ኮምፕረሰር ነው። ከማፉ ጋር የሚገናኘውን የቱቦ ጫፍ ነቅዬ በፕላስቲክ የቧንቧ ክዳን ደፈንኩት። ክዳኑን በስቼ የጎማ ቫልቭ ከተትኩበት። ፋሼታ አጥብቄ ቀስ እያልኩ አየር ሰጠሁት፣ ከ5 ፒኤስአይ ሳላሳልፍ። ይቺን ልብ በል፤ የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦዎች ከዚህ መስመር ጋር ስለሚገናኙ ግፊቱ ሲበዛ የዘይት ሲሎችን ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ የሳሙና ውሃ ረጨሁ። ላይ ላዩን ምንም የለም። ባትሪ አብርቼ ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ሥር ሳይ አረፋው እንደ ሽሮ ቱክ ቱክ ይላል። እጄን አሾልኬ ስዳስስ የጣቴ ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ዳሩ በዘይት ረጥቧል።

ሱባሩ ላይ ይህ የታወቀ በሽታ ነው። ከማፉ ወደ ቱርቦው የሚሄደው ጎማ በማኒፎልዱ ሥር ነው የሚያልፈው። ለዓመታት ሙቀት ሲመታው ይደርቃል። አዲስ ቱርቦ ውስጡ ለማስገባት ሲታገሉት ከታች በኩል ይቀደዳል፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ደህና ይመስላል። ቱቦ ቀይሬያለሁ ብለሃል። ግን እስከ ቱርቦው አፍ ያለውን ነው ወይስ ከማፉ አካባቢ ያለውን ብቻ? ይህን አጣራ። ሙሉው አዲስ ቢሆን እንኳ ቱርቦው አፍ ላይ በትክክል መቀመጡን በእጅህ ዞረህ ዳስስ።

አሁን መብራት ላይ ስለሚጠፋው። እሱ ከብሎው ኦፍ ቫልቩ ይመስለኛል። የፋብሪካው ቫልቭ የተረፈውን አየር ወደ ቱርቦው መግቢያ ይመልሰዋል። አዲሱ ውጭ የሚተፋ ከሆነ ማፉ የቆጠረው አየር ሜዳ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ግን ለዚያ አየር የሚሆን ቤንዚን ረጭቷል። ሞተሩ በቤንዚን ይታፈንና ይጠፋል። ስፕሪንጉ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ በሚኒሞም ተከፍቶ አየር ያስገባል። ድምፁ ደስ እንደሚል አውቃለሁ፣ ግን ለዚህ መኪና የፋብሪካውን መልስለት። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው፣ ስለዚህ ከሱ ጀምር።

የአየር መሳቢያው ስፋትም ይታይ። ማፉ የሚቀመጥበት ቱቦ ዲያሜትር ከ65 ወደ 76 ሚሊሜትር ሰፍቶ ከሆነ አየር የሚያልፍበት ክብ ቦታ በ37 ከመቶ ገደማ አድጓል። ያው አየር በሰፊው ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ሴንሰሩ አሳንሶ ይቆጥረዋል። ይህ በቱቦ ማጥበቅ አይድንም፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የማፉ ሠንጠረዥ መስተካከል አለበት።

ከነዚህ የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ፉዌል ትሪም ነው፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ስንት ከመቶ እንደጨመረ (ፕላስ) ወይም እንደቀነሰ (ማይነስ) የሚያሳይ ቁጥር ነው። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራ ርካሽ ስካነር ይበቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ሾርት ተርምና ሎንግ ተርሙን (የአሁኑንና የቆየውን ማስተካከያ) ደምረህ መጀመሪያ በሚኒሞ፣ ቀጥሎ በ3,000 ዙር አንብብ። በሚኒሞ ፕላስ 20 ሆኖ በ3,000 ወደ ዜሮ ከተጠጋ አየር ይገባል። ሁለቱም ቦታ ላይ ያው ፕላስ 20 ከሆነ ማፉን ወይም የነዳጅ ግፊቱን ጠርጥር። በሚኒሞ ማይነስ ከገባ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ኢንጀክተር (ቤንዚን የሚረጨውን) ቀይረህ ከሆነ የአዲሱ መጠን ኮምፒውተሩ ላይ መሞላቱን ጠይቅ።

ቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የአየር መሳብ ኃይል በሜርኩሪ ኢንች የሚለካ) ከገጠምክ ደግሞ ፈረንጆቹ ቪዲዮ ላይ የሚሉትን 18 እና 20 ኢንች አትጠብቅ። ያ ለባሕር ጠረፍ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ከ10 እስከ 12 ገደማ ካየህ ጤነኛ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ 12 ሲያሳየኝ ቴስታታ ላስወርድ ነበር።

ሌላ የምለምንህ ነገር አለ። ወደ ቱርቦው ዘይት የሚወስደው ቡሎን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። ከሚኒሞው ጋር አትገናኝም። ግን ከተደፈነች አዲሱን ቱርቦ ዘይት አስጠምታ ትገድለዋለች። እዚያው እያለህ አውጥተህ እያት።

ዛሬ ቫልቩን መልስ፣ ነገ ጎሚስታ ሂድ። ባትሪ ከነቀልክ ኮምፒውተሩ የተማረውን ስለሚረሳ ኤሲም መብራትም ሳታበራ ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ አቆየው። ከዚያ የሁለቱን ዙር የትሪም ቁጥሮች ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፣ አብረን እናያለን።