የሐረጎ ዳገት ያደክማል እንጂ አያዳክምም

ጥያቄ፦ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳስተምር፣ የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ግራንት በፈረንጆች 1864 የተከተለውን፣ በእንግሊዝኛ «war of attrition» የሚባለውን ስልት «የማድከም ጦርነት» ልበለው ወይስ «የማዳከም ጦርነት»? (የታሪክ መምህር፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ የቆየ ቁስሌን ነካብኝ። ከኮምቦልቻ ተነሥተው የሐረጎን ዳገት በእግርዎ ቢወጡት ይደክምዎታል፤ ደሴ ፒያሳ አረፍ ብለው ሻይ ሲጠጡ ድካሙ ይወጣልዎታል። ወባ ወር ሙሉ ያስተኛው ሰው ግን በሻይ አይነሣም። ዳገቱ አደከመ፤ ወባው አዳከመ። «አድካሚ መንገድ» እንላለን፤ «አዳካሚ መንገድ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ግእዙ ሁለቱን አይለይም። «ደክመ» መድከምም ደካማ መሆንም ነው፤ «ድኩም»ም የዛለውንና አቅመ ቢሱን አንድ ላይ ይይዛል። የለየው አማርኛ ነው፣ ያውም «ደ»ን ወደ «ዳ» በማሻገር ብቻ። እዚህ ላይ «አዳከመ የአጋደለ ቤት ስለሆነ አደራራጊ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች እርስ በርስ መዳከማቸውን ያሳያል» የሚሉ አሉ። ቅርጹን አይተው ትርጉሙን ዘነጉት። «አፋጠነ»ም ቅርጹ ያው ነው፤ ታዲያ ሥራ ስናፋጥን ሥራዎቹን እርስ በርስ እናሽቀዳድማቸዋለን?

ወደ ግራንት ልመለስ። በስድስት ሳምንት ገደማ ዘመቻ 55,000 ያህል ሰው ሞቶበት፣ ቆስሎበትና ተማርኮበት ነበር። የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ ያጣው በቁጥር ያንሳል፤ ነገር ግን ግራንት የጎደለበትን ሲተካ ሊ ከየት ያምጣ? ከዚያ በቨርጂኒያዋ ከተማ በፒተርስበርግ ላይ ከዘጠኝ ወር በላይ ምሽግ ለምሽግ ተፋጠጡ። በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ ሊ እጁን ሲሰጥ ሠራዊቱን ዕረፍት የሚመልሰው አልነበረም። ስለዚህ «ማድከም»ን ይተዉት።

እኔ ግን ምርጫው ቢሰጠኝ «የማመንመን ጦርነት» እላለሁ። የአንድ ቀን የመድፍ ድብደባም እኮ ጠላትን ያዳክማል! «መነመነ» ግን እንደ «ሸረሸረ»፣ እንደ «ቦረቦረ» ድምፁን ይደጋግማል፤ በጥቂት በጥቂቱ መጉደሉ ከጆሮ ይገባል። «እሱ ለበሽተኛና ለችግኝ እንጂ ለጦር አይሆንም» ይሉኛል። «ተስፋው መነመነ» ስንልስ፣ ተስፋ ችግኝ ነው?

ምን ዋጋ አለው፣ ጋዜጣውም ሬዲዮውም «ማዳከም»ን ይዞ ነጉዷል፤ ከእኔ ጋር የቀሩት ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። በፈተና ላይ «ማዳከም» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይስጡት። «ማድከም» ላለው ግማሽ ይበቃዋል።