«ጀርባውን አሳየኝ» በሉ፦ ሥዕል በኢንተርኔት ለምትገዙ

ሥዕል ከሩቅ ሆነው ስለሚገዙ ሰዎች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ለአምስቱ እነሆ መልስ።

«በቴሌግራም የሚሸጥ የመርካቶ ሥዕል ወድጃለሁ። ሻጩ በእጅ የተሣለ ነው ይላል። ኅትመት አለመሆኑን በምን ልወቅ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ከፊት ለፊት በተነሣ ፎቶ ሊያውቁ አይችሉም፤ ሌላ ፎቶ ይጠይቁ። የሸራውን ጀርባ፣ ጠርዙን፣ ፊርማውን በቅርበት፣ ከዚያም ሥዕሉን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት ያንሣልዎት። የብሩሽ ምት በጎን ብርሃን ጥላ ይጥላል፤ ኅትመት ለጥ ብሎ ይታያል።

ይህም ብቻውን አይበቃም። እኔ ከዓመታት በፊት «ኦሪጅናል» ተብዬ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች ሥዕል ገዝቼ ነበር። ቤት ደርሶ በአጉሊ መነፅር ሳየው የሴትዮዋ ነጠላ ጥለት እንደ ጋዜጣ ፎቶ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞላ ነው። በኅትመቱ ላይ ግልጽ ማጣበቂያ በብሩሽ ለቅልቀውበት ምት ያለው አስመስለውታል። የቀሚሱ እጥፋት ወደ ታች ይወርዳል፣ የብሩሹ ምት ግን ወደ ጎን ሄዷል። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ምቱ ቀለሙን መከተሉን ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የቪዲዮ ጥሪ ነው፤ ሻጩ ሥዕሉን በእጁ ይዞ ያገላብጥልዎ። ፎቶውንም በጉግል ሌንስ (በፎቶ መፈለጊያው) ይፈልጉት። በሌላ ሠዓሊ ስም ከወጣ ለዚያ ሠዓሊ ይጻፉለት። የራሱ ሥራ ፎቶ ተሰርቆ እየተሸጠበት እሱ ምንም ሳያውቅ የሚቀር ሠዓሊ አለ፤ ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

«ሻጩ ‹ዛሬ ግማሹን ካልላክሽ ሌላ ገዢ አለ› አለኝ። ምን ላድርግ?» (ከዱባይ)

አትላኪ እህቴ። የሚያጣድፍሽ ሰው እንዳታጣሪ ነው የሚያጣድፍሽ። በሐዋላ የሄደ ገንዘብ አንዴ ከተወሰደ የሚመልሰው የለም፤ በካርድ የተከፈለውን ግን በባንክሽ በኩል መከራከር ትችያለሽ። በፔይፓል ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚላክበት መንገድ ከከፈልሽም የገዢ ዋስትና አይኖርሽም። አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ ስቱዲዮው ድረስ ሄዶ፣ ሥዕሉን አይቶ ይክፈልልሽ። በትእዛዝ ለሚሣል ሥዕል ግን ቀብድ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ሠዓሊው ሸራና ቀለም የሚገዛው በዚያ ነው። መጠኑን፣ ዋጋውንና የሚያልቅበትን ቀን በጽሑፍ ተስማሙ።

«የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራ ነው የተባለ ሥዕል ከነማረጋገጫ ወረቀቱ ቀርቦልኛል።» (ከለንደን)

ገብረ ክርስቶስ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1981 በኦክላሆማ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱን የፈረመው ማን ነው? ወረቀት ማንም ያትማል፣ ፊርማም ይኮረጃል። የሚያስተማምነው የሥዕሉ ታሪክ ነው፦ መጀመሪያ ማን ገዛው፣ ከማን፣ ከዚያ ወደማን ዞረ፣ በየትኛው አውደ ርእይ ታየ፣ ደረሰኙ ወይም ካታሎጉ የት አለ? አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ሥራዎቹን በቅርብ ያጠና ባለሙያ ሳያየው አንድ ሳንቲም እንዳይከፍሉ። በሕይወት ያለ ሠዓሊ ከሆነ ግን ቀላል ነው፤ ራሱን ይጠይቁት። ርእሱን፣ መጠኑን፣ የቀለሙን ዓይነት፣ ዓመቱንና የሥዕሉን ፎቶ የያዘ ወረቀት ፈርሞ ይስጥዎት።

«200 ዓመት የሆነው ነው ተብሎ በብራና ላይ የተሣለ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በኢንስታግራም አየሁ። ልግዛው?» (ከቴል አቪቭ)

አይግዙት። እውነት ጥንታዊ ከሆነ ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ከአንዱ ገዳም መቅደስ ተሰርቆም ሊሆን ይችላል። ካልሆነም በጭስና በሻይ ያረጀ የትናንት ሥራ ነው፣ ዋጋውም የውሸት ነው። «አዲስ ነው፣ እኔ ሣልኩት» ብሎ የሚሸጥ ሠዓሊ ሞልቷል፤ ከእሱ ይግዙ። አዲሱም ቢሆን ሲወጣ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ያስፈልገዋልና ሻጩ ያውጣልዎ።

«ሥዕሉ ተጠቅልሎ ቢላክ ይጎዳል?» (ከሚኒያፖሊስ)

በደንብ ከደረቀና ቀለሙ ወፍራም ካልሆነ አይጎዳም። ብዙ ሰው ቀለሙን ለመጠበቅ ብሎ ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፤ ትክክሉ የተሣለው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በሰፊ ቱቦ ላይ መጠቅለሉ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ቀለሙ ተጨናንቆ ይሰነጠቃል። በእሽጉ ሰነድ ላይ «በእጅ የተሣለ ሥዕል» ተብሎ ይጻፍ፤ ጉምሩክ እንዲህ ያለውን በታሪፍ ቁጥር 9701 ለይቶ ያስተናግደዋል፣ የፋብሪካ ኅትመትን ግን አይደለም። በመካከሉ ንጹሕ፣ ለስላሳ ወረቀት ይግባበት። ጋዜጣ ግን እንዳይነካው፤ ቀለሙ ሥዕሉ ላይ ይቀራል።