ለተቅማጥ ስኳር ለምን? ለነርስነት ተማሪዎች የተጻፈ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን በልምምድ ላይ ያለች አንዲት ተማሪ «ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ስኳር ያለበት ውኃ መስጠት አያብስበትም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህንኑ ጥያቄ በ1977 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ በነበረ አንድ የድርቅ ተጎጂዎች መጠለያ ከአንዲት አሮጊት ሰምቼው ስለነበር ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ያኔ ገና ተመርቄ መውጣቴ ነበር። የተማርኩበት ትምህርት ቤት አሚሌዝ ስታርችን፣ ፔፕሲን ፕሮቲንን፣ ላይፔዝ ስብን እንደሚሰባብሩ እንደ ዳዊት አስደግሞናል፤ የተሰባበረው ምግብ የትንሹን አንጀት ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ግን ማንም አልነገረንም። በመጠለያው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ባለቀ ጊዜ አንድ አንጋፋ ድሬሰር (የጤና ረዳት) ውኃ አፍልተው ካቀዘቀዙ በኋላ በአንድ ሊትር ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ይበጠብጡና ይቀምሱት ነበር። «ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ድፉት» ይሉናል። ቡናቸውን ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰው በመሆናቸው ለሠራተኛ የሚታደለውን ስኳር ለዚሁ ያጠራቅሙት ነበር።

አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው በማንኪያ ስናጠጣው ሲመለከቱ ቆይተው «አንቺ ልጅ፣ ከላይ ስትጨምሪ ከታች ይወርዳል፤ የሚያስቀምጠው ጣፋጩ ነው» አሉኝ። «የታዘዘው ይኸው ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ሲነጋ ልጁን አዝለው ሄደዋል፤ መጨረሻውን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሊነገራቸው ይገባ የነበረው የሚከተለው ነው። በአንድ ጤነኛ አዋቂ አንጀት ውስጥ በቀን 9 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያልፋል። ከዚህ ውስጥ በምግብና በመጠጥ የገባው 2 ሊትር ያህል ሲሆን፣ የቀረው ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞት፣ የቆሽትና የአንጀት ፈሳሽ፣ ማለትም ሰውነቱ ራሱ ለመፍጨት ያፈሰሰው ነው። ትንሹ አንጀት አብዛኛውን መልሶ ይመጠዋል፤ ከሰገራ ጋር የሚወጣው 200 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ተቅማጥ ሲይዝ ይህ መልሶ መምጠጥ ስለሚጓደል ሕፃኑን የሚያደርቀው የገዛ ፈሳሹ መፍሰስ ነው። የአንጀቱን ግድግዳ በሚያለብሱት ቪላይ በሚባሉ ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች ላይ ያሉት ሕዋሳት ደግሞ ከጨው የሚገኘውን ሶዲየምና ከስኳር የሚገኘውን ግሉኮስ አንድ ላይ የሚያስገባ ተሸካሚ ፕሮቲን አላቸው፤ ሁለቱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። ይህን ጥምረት ባዮኬሚስቱ ሮበርት ክሬን በ1960 እ.ኤ.አ. ፕራግ ላይ አቅርቦታል፤ ኮሌራ እንኳ አያበላሸውም። በ1971 እ.ኤ.አ. ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሕንድ ድንበር ባለችው ባንጋዎን በኮሌራ የተያዙ ስደተኞችን ቤተሰቦቻቸው ራሳቸው በሚያጠጧቸው ብጥብጥ ያዳነው በዚሁ መንገድ ነበር።

ሆኖም አሮጊቷ ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ስኳሩ ሲበዛ ውኃን ወደ አንጀት ይስባል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2002 እ.ኤ.አ. በሊትር 20 ግራም የነበረውን የኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚጠጣው የስኳርና የጨው ብጥብጥ) ግሉኮስ ወደ 13.5 ግራም ዝቅ አድርጎታል።

እናንተ ይህን ሁሉ ከስልካችሁ በደቂቃ ታገኙታላችሁ፤ ከስልኩ የምትፈልጉት ግን «አንጀት የሚያጸዳ» ሻይ ሆኖ አያለሁ። ስልክን መንቀፌ አይደለም፤ የቪላይ ነገር እኔም በቅጡ የታየኝ የልጅ ልጄ በስልኩ ባሳየኝ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው።

ስለ እጅ መታጠብ አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ምግብ የሚከለክሉ እናቶች ግን ዛሬም ይገጥሟችኋል። የአንጀት ሽፋን ሕዋሳት ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሚታደሱ ናቸው፤ የሚታደሱትም ምግብ ሲያገኙ ስለሆነ ጡት አይቋረጥ፣ ገንፎውም አይቅር። እናቲቱ «ለምን?» ካለቻችሁ ቁጭ ብላችሁ አስረዷት፤ ወረፋው ይጠብቅ።